ከጀልባው አጠገብ የቆመው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትርሐስ ከአክስቷ ጋር ቤታችን መጣች። ትርሐስ የክፍሌ ልጅ ናት። ከዚያ በፊት ቤታችን መጥታ አታውቅም... ከክፍል ልጆች ማንም መጥቶ አያውቅም። በሩ ላይ ሳያት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ታወቀብኝ» የሚል ነበር።

ምኑ እንደሚታወቅብኝ ልንገራችሁ።

ክረምቱን ያሳለፍኩት ሚሌ ነው። አክስቴ እዚያ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የሚበሉባት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። እኔ ሳህን አጥብ ነበር። ሾፌሮቹ እየበሉ ያወራሉ... በፀሐይ እንደ በረዶ ስለሚያበራው የጨው ሐይቅ፣ ስለ ጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ፣ መንገዱ ሲታጠፍ ድንገት ስለሚመጣው ባሕር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እያጠብኩ እሰማለሁ።

ሰቆጣ ስመለስ የክፍል ልጆች «ክረምቱን የት ጠፋሽ?» አሉኝ። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ስላቋረጥኩ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። በቁመት ከሁሉም እበልጣለሁ፣ በወሬ ግን የመጨረሻ ነኝ። ሳህን ሳጥብ ነበር ማለት አፈርኩ።

«ከአክስቴ ጋር ባሕሩን ይዘን በመኪና ስንዞር ነበር» አልኩ።

ከዚያ ይኸው እዚሁ ገጼ ላይ ጻፍኩት። ታስታውሱ ይሆናል። ጅቡቲ፣ ከታጁራ እስከ ኦቦክ... ነጫጭ ቤቶች፣ ጀልባዎች፣ ከመንገዱ ሥር ባሕር። ከኢንተርኔት ሰባት ፎቶ አውርጄ ለጠፍኩ። አንዱ «አንቺ ዝምተኛ፣ ለካ ዓለምሽን ትቀጪያለሽ!» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ሰው አናግሮኝ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔ ያየሁት ትልቁ ውኃ ተከዜ ነው፤ እሱንም ከአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም አንገቴን ጠምዝዤ።

የትርሐስ አክስት እትየ ለተኪዳን ይባላሉ። የመጡት ከገጠር፣ ከፃግብጂ በእግራቸው ነው፤ ያረፉት እነ ትርሐስ ቤት ነው። እናቴ ገበያ ወጥታ ስለነበር ብቻዬን ነበርኩ። መደቡ ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው። አልጠጡትም፣ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ኦቦክን አየሁ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ነገሩን ትርሐስ ናት የነገረችኝ። ልጃቸው ሲሳይ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ወጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከኦቦክ ነው። «እማ፣ ባሕሩ ፊት ለፊቴ ነው» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነው። ሲሞት ያየው የለም፣ በሕይወት አለ የሚልም የለም። ቄሱ «ለነፍሱ ነው፣ ተዝካሩን አውጭለት» እያሉ ሲመክሯቸው ኖረዋል፤ እሳቸውም ዘንድሮ እሺ ብለዋል። እህሉንም አዘጋጅተዋል።

«የቆመበትን መሬት ብቻ ልየው ብዬ ነው» አሉ እትየ ለተኪዳን። «ከዚያ አለቅሳለሁ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ... እኔ ግን ስልኬን አወጣሁ። ከሰባቱ ፎቶዎች መጨረሻ ያለውን፣ ከሥሩ «ኦቦክ» ብዬ የጻፍኩበትን ከፈትኩላቸው። ጣቶቻቸውን ሲያሳርፉበት ፎቶው ሰፋ።

«ውይ! አበላሸሁብሽ?»

«አይ፣ ግድ የለም... እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

እንደገና ነኩት። ቀስ እያሉ አሳደጉት፣ ወደ ዳር ገፉት። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

«ይኼ ማነው?»

አንዲት ጀልባ አጠገብ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህል፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው ቆሟል። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሰው እንዳለበት አላየሁም ነበር።

«ትርሐስ፣ ነይ እስኪ እይው። አንድ እግሩን ሸብረክ አርጎ... ሲሳይ አጨዳ ሲደክመው እንዲህ አይደለም የሚቆመው?»

«እንጃ አክስቴ... ሩቅ ነው» አለች ትርሐስ።

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

እኔ ያን ጊዜ ምንም አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት። ዝምታ ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ነው፤ ሰው ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እትየ ለተኪዳን ተነሡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ዐይኖቼን ሳሙኝ... ቀኙንም፣ ግራውንም።

«ያየሽበት ዐይን ይባረክ» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ክፍል ስገባ ትርሐስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አክስቴ እኮ ተዝካሩን ተወችው» አለችኝ። «ቆሞ ላየሁት ልጅ አላለቅስም ብላለች። እህሉን ሲመጣ እንበላዋለን አለች።»

ከዚያ በኋላ አስተማሪው ምን እንዳስተማረ አላውቅም። ስንለቀቅ ትርሐስን ተከትዬ ቤታቸው ሄድኩ። እትየ ለተኪዳን ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ከመሬት ተነሡ... ለእኔ!

«እትየ... እኔ ኦቦክ ሄጄ አላውቅም። ሚሌ ሳህን ሳጥብ ነበር። ፎቶው የኔ አይደለም። የየት ባሕር እንደሆነም አላውቅም... ሰማያዊ ስለሆነ ነው የመረጥኩት።»

ትርሐስ «አንቺ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ እርግማን ጠበቅኩ። ጥፊም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

እትየ ለተኪዳን ተመልሰው ተቀመጡ። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ግን አልለቀሙም። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እና ያ የቆመው ልጅ... የማን ነው?»

«አላውቅም» አልኩ።

ረቡዕ ወደ ፃግብጂ ተመልሰዋል። ተዝካሩን ያውጡ አያውጡ አልሰማሁም። ትርሐስ አታናግረኝም፤ ልጠይቃትም አፍራለሁ። ስድስቱን ፎቶ ከዚህ ገጽ አጥፍቻለሁ። ሰባተኛውን ግን ለማጥፋት ስከፍተው ልጁ እንደቆመ ነው... እጄ እምቢ ይለኛል።

እና «ክረምቱን የት ጠፋሽ?» ላላችሁኝ ሁሉ... ሚሌ ነበርኩ። ሳህን ሳጥብ።