የገናው ጉሬዛ

ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጎርፍም ምርጫም ዘግቤአለሁ። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት ኮሚቴ የፈተነኝ ግን የለም። ልጄ እዚያ ስለምትማር አባል አደረጉኝ፤ ጽሑፍ ስለምችል ደግሞ ቃለ ጉባኤውን እኔው እይዛለሁ።

ኅዳር ላይ የልጆቹ አስተማሪ ተነሣችና «የዘንድሮው ገና የጅማ ገና ይሁን» አለች። የፕላስቲኩ ጽድ፣ በላዩ የምንበትነው ጥጥ፣ ቀይ ለባሹ የገና አባት፣ ሁሉም ይቅር አለች። «ለመሆኑ ጅማ ላይ በረዶ ጥሎ ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኩ። «ግን በክረምት ነው፤ እንደ ጥጥ ሳይሆን እንደ ጠጠር ነው የሚወርደው።»

«አመሰግናለሁ» አለች፣ ምስጋና በማይመስል ድምፅ።

በጽዱ ፋንታ ከከተማችን አጠገብ ካለችው ከሰቃ አንድ ያረጀ የቡና ዛፍ ከነቀይ ፍሬው በበርሜል ተተክሎ እንዲመጣ ወሰንን። ገበሬውም ሊነቅለው አስቦ ስለነበር በደስታ ሰጠን። የከበደው የገና አባታችን ጉዳይ ነው። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቀዩን ልብስ በገዛ እጃቸው ሰፍተውታል፤ በዓመት አንድ ቀን ልጆች አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠሉት በእሱ ነው።

«አንተ ንገራቸው» አለችኝ አስተማሪዋ። «መጥፎ ወሬ ማውራት ሥራህ አይደል?»

ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የጥጥ ጢማቸውን ያሳምራሉ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገርኳቸው። ጥጡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ቃል በቃል ምን ይላል፣ ልጄ?»

ደብተሬን ገለጥኩ። «‹የገና አባት ይቅር› ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ስለ ጢም የሚለው አለ?»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ስለ ጢም የተጻፈ የለም።»

«እንግዲያ ጢሙ አልቀረም» አሉና ጥጣቸውን አነሡ። እኔም የተጻፈ ነገር ላይ አልከራከርም።

በልጆቹ የልደት ድራማ የመጀመሪያ ልምምድ የዛፉ የታች ቅርንጫፎች ራቁታቸውን ቀሩ። የቡና አገር ልጅ ቀይ ፍሬ አይቶ አያልፍም። እረኞቹ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩ፤ ሰብአ ሰገል የወርቁን ሳጥን በቡና ሞሉት። ዛፉ ጠባቂ አስፈለገው፤ እኔም ሽማግሌውን ጠቆምኩ። አስተማሪዋ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማማች፦ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ከዛፉ ኋላ ተቀምጠው፣ እንዳይታዩ።

በበዓሉ ቀን እንደተባሉት ጥቁር ካፖርት ለበሱ። ነጩ ጢማቸው ግን በትከሻቸው ዞሮ እስከ ወገባቸው ወርዷል። ማርያም የሆነችው ልጄ አሻንጉሊቱን ሕፃን ልታስተኛ ስትጎነበስ እሳቸው አሳላቸው። ቅርንጫፉ ተነቃነቀ። አንዱ እረኛ ዞር አለና «ጉሬዛ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው በኦሮምኛ ተቀበለው፤ «ዌኒን ዱፌ!» ጉሬዛው መጣ ማለቱ ነው።

ሽማግሌው ወደ አስተማሪዋ አዩ፤ ከዚያ ወደ ልጆቹ። ቀስ ብለው ብብታቸውን አከኩ። አንድ ቀይ ፍሬ ቀጠፉና አፋቸው ውስጥ ጣሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ለመዘገብ ሞክሬ አልተሳካልኝም። እረኞቹ በገና ዱላቸው፣ ሰብአ ሰገል ከነዘውዳቸው አሳደዷቸው። ልጄ «አባዬ፣ ያዝልኝ!» ብላ ሕፃኑን ወረወረችልኝና ተከተለች። መልአኩ ካፖርታቸው ላይ ተንጠለጠለ። ሽማግሌው ከበርሜሉ ሥር ሲወድቁ ሮጬ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ተጎዱ?»

«ዞር በል!» አሉኝ ከልጆቹ ክምር ሥር። «ሥራ ላይ ነኝ።»

በግምገማው ስብሰባ አስተማሪዋ «ጉሬዛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት አለ?» ብላ ጠየቀች። የትም እንደሌለ አረጋገጥኩላት፤ የገና አባትም እንደሌለ ጨመርኩ። ጉሬዛ በብዛት የሚበላው ቅጠል እንደሆነም አስረዳሁ፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም። አስተማሪዋ ሳቋ አመለጣት። «ጻፈው» አለች። ጻፍኩት፦ ጉሬዛው ይቀጥል።

በማግስቱ ሽማግሌው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቤቴ መጡ።

«አንተ የምታጣራ ሰው ነህ» አሉኝ። «ጭራው ምን ያህል ይረዝማል?»

አጣርቼ ነገርኳቸው፤ ከገላው ይረዝማል። ሜትሩን ከራሳቸው እስከ መሬት ዘረጉ፣ ትንሽ አሰቡና ነጭ ጨርቅ ሊገዙ ወጡ።