ኪስ የገባው የመካኒሳ ቤት

ኢንተርኔት አገራችን በገባ ሰሞን፣ ጎፋ አንድ ኢንጂነር ቢሮ ውስጥ ፕላን እሥል ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላላመጣሁ፣ ማታ ማታ ድራፍቲንግ ተምሬ ነው የተቀጠርኩት። ሥራው ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በቀለም ማስመር፣ ሲሳሳቱ በምላጭ መፋቅ ነው። ቤቱን የሚያሠራው ሰው በሩን ወዲህ አድርጉልኝ ካለ ግማሽ ቀን ስፍቅ እውላለሁ። ይሰለቸኝ ነበር።

ኮምፒውተር ተገዛ ሲባል ደስ አለኝ። ግን እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ዳንቴል አለበሱት፤ ክፍሉም ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ሆነ። ታዲያ ለጌጥ ነው የተገዛው? አልኩ፣ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ። ጋሼ፣ ኢንጂነሩን እንዲያ ነበር የምንጠራቸው፣ ሰኞ ከኮሌጅ የተመረቀ ልጅ መጥቶ እንደሚሠራበት ነገሩኝ። እስከዚያ እኔ ልሞክር ብዬ ነዘነዝኳቸው። መካኒሳ አቦ ጋ የሚሠራ የአንድ መኖሪያ ቤት ፕላን ነበረን፤ ናይሮቢ ያሉት የድሮ የክፍል ጓደኛቸው ዓምዶቹን እንዲያሰሉልን በኢሜይል ሊላክላቸው ነው።

«በትክክል ከሄደ ወንበሩ ያንቺ ነው» አሉኝ። «ካልሆነ ወደ ምላጭሽ።»

መመሪያውን እየገለጥኩ ሣልኩት። መላኪያው ቀን ስልኩ ተነቅሎ ሞደሙ ተሰካ፤ ጭራዋን እንደረገጧት ድመት ጮኸ። አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ ድራፍትስማን ከበሩ ላይ ሆነው ያያሉ።

«ውኃ በቧንቧ መላክ ያቃተን ሰዎች ቤት በስልክ ልንልክ!»

ከሰዓት መልስ መጣ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። «ቤቱ ደርሶኛል። ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሳሎኑ ሶፋ አያስገባም፤ ክብሪት ግን ያስገባል።»

ሽማግሌው ሳቁ። ጋሼ ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት።

ጥፋቱ የወረቀት ልማድ ነው። ወረቀት ላይ አንድ ሜትር የሚሣለው አንድ ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ነው፤ እኔም ሁሉን እንደዚያው አሳንሼ አስገባሁት። ለካ ማሽኑ ውስጥ ቦታ አያልቅም፤ አሥር ሜትር ግድግዳ አሥር ሜትር ሆኖ ይቆማል። ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ያ ሁሉ ስፋት የት እንደሚቀመጥ ነበር የማስበው።

«ሰኞ ገና ነው እኮ፣ ጋሼ» ብዬ ዳንቴሉን ገለጥኩት። እሳቸውም አልከለከሉኝም። እንደገና ሳልሥል ቤቱን ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ናይሮቢ ጻፍኩ። ሁሉን መቶ እጥፍ የምታሳድግ አንዲት ትእዛዝ ተላከችልኝ። ስጽፋት ቤቱ ከዓይኔ ጠፋ። ምስሉን ወደ ኋላ ሳርቀው ግን እዚያው ነበር፤ አድጎ ከስክሪኑ አልፎ ነው። መልሼ ላክሁት።

በማግስቱ ቀያይ ዓምዶች ቆመውበት መጣ። ፊቱን የማላውቀው ሰው፣ እኔ ቤቴ ሳለሁ፣ እኔ ባሰመርኩት ሳሎን ሲመላለስ አምሽቷል። ወረቀት ቢሆን ገና ፖስታ ቤት ነበር። ክፍል በክፍል አየሁት። ከዚያ አንዱ ዓምድ ሳሎኑ መሀል እንደተገተረ አስተዋልኩ።

«ይሄን ያንሱልኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ለቅሶ የመጣ ሰው ምሰሶ አቅፎ ሊቀመጥ ነው?»

ጋሼ ከኋላዬ ሆነው ሲያነቡ ደነገጡ። እኔ እንዲህ የምጽፍላቸው ሰው ስንት ፎቅ ያቆሙ መሆናቸውን ነገሩኝ። ግን ደብዳቤው ሄዷል።

መልሱ ሲመጣ ዓምዱ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ፦ «ይህን ያለው ማን ነው?»

ለጋሼ ልነሣላቸው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«ተቀመጪ» አሉ። «የጠየቀው አንቺን ነው፤ ራስሽ መልሺ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ ሰኞ ለሚመጣው ልጅ ሌላ ወንበር እንዲፈለግ አዘዙ።

ስሜን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጻፍኩ።