የአባቴ ሸራ

አባቴ ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው አሮጌ ቁልፍና ጓጉንቸር ሸጧል። ሰፈርተኛው ሁሉ ያረጀ ዕቃውን በሚያወጣበት ገበያ ቦታው ከሁለተኛው ዛፍ ሥር ነበር። ቁልፉ የጠፋበት ሳጥን ሲያመጡለት ጆሮውን ያስጠጋና "ቆይ፣ አሁን ይናገራል" ይላል።

ገበያው የተጻፈ ሕግ የለውም። ሦስት ቅዳሜ ባዶ የዋለ ቦታ ግን ለሌላ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው ሸራውን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤቱም ዘርግቶ አንድ ዕቃ ያስቀምጥበታል። ባለቤቱ ይመጣል ማለት ነው። የአባቴ ጎረቤት መጽሐፍ ሻጩ ነበር። ሚስቱ የሞተች ጊዜ አባቴ ሁለት ወር ሙሉ ሸራውን ሲዘረጋለት፣ አንድ መዝገበ ቃላት ሲያኖርለት ከርሟል።

አባቴ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ሸራውንና አንድ ትልቅ ጓጉንቸር አስይዞ ላከኝ። መጽሐፍ ሻጩ በሁለት እጁ ተቀበለኝና "ምን በወጣሽ ትለምኚኛለሽ፣ ልጄ" አለኝ።

በአምስተኛው ቅዳሜ አባቴ ክንዴን ይዞ ወደ ገበያው ሄደ። ቦታው ላይ ልቦለዶች ተደርድረዋል፤ ያውም በራሱ ሸራ ላይ። እናቴ ጥጉን የጣፈችበት ሰማያዊ ጨርቅ ይታያል።

መጽሐፍ ሻጩ ብድግ አለ። "ወንድሜ! እኔ እኮ... ከእንግዲህ አይነሳም ሲሉኝ..."

"ማን አለህ?"

"ሰው ነዋ።"

"ታዲያ ቀብሬ ላይ ምነው ቀረህ?"

አጠገቡ ያሉት ሻጮች ሳቁ። አባቴም ፈገግ አለ፤ ክንዴን የያዘበት እጁ ግን ከበደኝ።

"ግማሹን ልልቀቅልህ" አለ መጽሐፍ ሻጩ።

"ተወው፣ መጽሐፍ መሬት አይወድም።"

ከዚያ ወዲያ ቁልፎቹን በሽቦ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ መግቢያው በር ላይ ቆሞ ሸጠ። አራት ቅዳሜ ቆመ። አምስተኛው ላይ ሳንባው እምቢ አለው። እናቴ ሰውየውን ስትራገም አንድ ቀን ብቻ አቋረጣት፤ "ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ እኮ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው" አለ።

በክረምቱ ሞተ። መጽሐፍ ሻጩ ለቅሶ መጣ። ሸራውን አሳጥቦ አጥፎታል፤ ጓጉንቸሩን ከላዩ አድርጎበታል። እናቴ ተቀበለችው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ" አለችው። "እኛ የፈለግነው ለቅዳሜ ነበር።"

ከዚያ ወንበር ሳበችለት።