«ሆኖም» ወይስ «ስለዚህ»

ምዮንግሺም በዋንዶ ደሴት ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ታዘጋጃለች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷን ባሕር በልቶታል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር የቦት ጫማው ኮቴ በረንዳው ላይ ይሰማታል። «እምቢ ብለህ ሄደህ አሁን ምን ልሁን ትላለህ?» እያለች ትቆጣዋለች።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከባድ አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ተነገረ። … ሰውዬው ጀልባውን አስነሳ።» በባዶው ቦታ የሚገባውን ቃል ስትጠይቅ፣ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «ሆኖም!» አሉ።

«እኔ ግን ‹ስለዚህ› ነው የምለው፣ መምህር» አለች ሶዩል የምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ አርቢ ልጅ።

«አውሎ ነፋስ እየመጣ ማን ባሕር ይወጣል?» አለች ምዮንግሺም።

«አባዬ ነዋ! ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉትን የማርቢያ ሣጥኖች ገመድ ቀድሞ ካላጠበቀ ማዕበሉ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስደዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ምዮንግሺም ግን ጠመኔው ከእጇ ወደቀ።

ቤት ስትገባ እናቷ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ያን ቀን ለምን ወጣ?»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጡ። ስለዚያ ቀን በቤቱ ተወርቶ አያውቅም።

«የማርቢያችንን ገመድ ሊያጠብቅ ነዋ። ምን መስሎሽ ነበር?»

«እልኸኛ ስለነበረ።»

«እሱ እቴ! ነፋስ እንደሱ የሚፈራ ሰው አልነበረም» አሉ እናቷ። «ገመዱን ደግሞ አጥብቆት ነበር። አንድም ማርቢያ አልሄደብንም። አንቺን ያሳደግሁሽ በዚያ ነው።»

ምዮንግሺም ከነካፖርቷ መሬት ላይ ተቀመጠች።