ቀይ ቆብ የደፉት ድንኮች

«ሳቀችብኝ! ‹አባትሽ ከእንግዲህ አይመጣም› ስላት ልጄ ሳቀችብኝ። የአንተ ሥራ ነው፣ ጌታው አስተርጓሚ!»

አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትቸረችር ጎረቤታችን ናት። ሳታንኳኳ ገብታ መሀል ክፍሌ ቆማለች።

«እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው» አልኩ።

«እነሱ ሲያወሩ አንተ ትቀባጥራለህ። ቋንቋቸውን ከየት ተማርከው? ከውቤ በረሃ?»

እውነቷን ነው። የሆላንዶችን ቋንቋ አንዲት ቃል አላውቅም። ግቢያችን ውስጥ ለሆላንድ ቤተሰብ ወጥ ትሠራ የነበረች ሴት አለች፤ አሠሪዎቿ አገር ለቀው ሲሄዱ የፊልም ማሳያውንና ሦስት የልጆች ፊልሞች ተዉላት። ቅዳሜ ከሰዓት መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን አንሶላ ላይ እናሳያለን። ጢማቸው የረዘመ፣ ቀይ ቆብ የደፉ ድንኮች ከዛፍ ሥር ባለች በር ይገባሉ፣ ሾርባ ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እኔ አንሶላው ጎን ቆሜ እተረጉማለሁ። ግጥሜን የሚሰማልኝ አጥቼ ስለነበር ያ ሁሉ አፉን የከፈተ ልጅ ሱስ ሆነብኝ። ልጆቹም ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ እያዩ አልጠገቡም። ምክንያቱ ይገባኝ ነበር። በከተማው ሰው ወጥቶ ይቀራል፤ ድንኮቹ ዘንድ ግን መሬት ውስጥ የገባ ሁሉ በሌላ በኩል እየሳቀ ይወጣል።

የሽንኩርት ነጋዴዋ ባል በተያዘ በወሩ ልጃቸውን ከፊት ተቀምጣ አየኋት። ድንኮቹ እስረኞችን በጉድጓድ አውጥተው ቤታቸው እንደሚደብቁ «ተረጎምኩ»። ልጆቹ አጨበጨቡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨመርኩበት።

«ትናንት ምሳውን ይዤ ሄድኩ» አለች እናትየው፣ ድምፅዋ ወርዶ። «ጠባቂው ሳህኑን መለሰልኝ። ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አለኝ።»

ያን ጊዜ ፒያሳ ውስጥ የዚህ ትርጉም የሚጠፋው ሰው አልነበረም። ለተረሸነ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው። መርዶ የሚያረዱት ሽማግሌዎችም ደጇን ፈርተዋል።

«መርዶውን እኔው ላርዳት ብዬ አቅፌ አስቀመጥኳት። ‹ድንኮቹ ጋ ነው፣ እማዬ አታልቅሺ› አለችኝ። አንተ ‹ዋሽቼ ነው› በላት። ሌላውን እኔ እነግራታለሁ።»

ልጅቷን ከግቢው ጠራቻት። መጥታ አልጋዬ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ስሚኝማ፣ የኔ እመቤት...» አልኩ። ቃሉ ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ ለሱም ቆብ ሰጡት?»

እናቷ እያየችኝ ነው። ልጅቷም እያየችኝ ነው።

«ሰጡት» አልኳት።

እናትየው ያንን ሁሉ ክልከላ ከምንም ሳትቆጥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች። በሩን የዘጋችው ቀስ ብላ ነው።