የአባዬ ሾርትከት

ዛሬ ጠዋት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መኪናዬ የቅጣት ቲኬት ሳይለጠፍባት ላነሳት ስሮጥ የጎረቤት ሣር ላይ አቋረጥኩና የውሃ መርጫው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አራሰው። እርጥብ ሱሪ ከሸተተኝ ደግሞ ሎስ አንጀለስ አልገኝም፣ ቀጥታ ቻይና ነኝ። በናይንቲን ኤይቲስ ሱዙ የምትባለውን የቻይና ከተማ ያየ ሌላ ሐበሻ እዚህ ሰፈር ካለ ይምጣ፣ ምሳ እጋብዘዋለሁ፤ እስካሁን ኪሴ አልተነካም።

የሄድነው የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ደረጀ፣ እዚያ የሐር ሥራ ይማር ስለነበረ ነው፤ እሱ አሜሪካ መምጫ ቪዛ ቢያጣ እኛ ሄድንለት። አባዬ ራቱን እንኳን ቆሞ የሚበላ ታክሲ ነጂ ነበር። ሶ እማዬ ከቻይና የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባሏም፣ ወንድሟም፣ እኔም አጠገቧ አንድ ሰዓት ቁጭ እንድንልላት።

አባዬ ግን ያንን ሁሉ የቦይ ከተማ ፕሌን እንደሚያመልጠው ተሳፋሪ አጣደፈን። የድንጋዩን ድልድይ፣ ደጃፋቸው ላይ በቦዩ ውሃ ጎመን የሚያጥቡትን ሴቶች፣ ሁሉንም በሩጫ አየን፤ ጀልባ ላይ እንኳን ቀዛፊውን በአማርኛ "በግራ እለፈው እንጂ!" ይለው ነበር። እኔም እግሬ አያርፍ፣ የሱው ልጅ ነኛ።

በመጨረሻው ቀን አንድ የጥንት የአትክልት ቦታ ገባን። ኩሬው ላይ ያለው ድልድይ ዘጠኝ ጊዜ ይታጠፋል።

"ሰው እንዳይቸኩል ብለው ነው ጋሼ" አለው አጎቴ።

"ቀጥ ያለ መሥራት አቅቷቸው ነው በለኛ! በዚህ በሣሩ ሾርትከት አለ" አለና አባዬ እግሩን ሰነዘረ።

ሣር መስሎት ነው እንጂ ኩሬውን ጥቅጥቅ አድርጎ የሸፈነ የውሃ ቅጠል ነበር። እስከ ወገቡ ገባ።

"በስመ አብ!" አለች እማዬ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

ሱሪው ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ አባዬ የእማዬን ነጠላ አሸርጦ፣ በሚያልፈው ቻይና ሁሉ እየተሳቀበት፣ ኩሬው ዳር ባለው ዳስ ሥር ተቀመጠ። የት ይሂድ? እማዬን እንዴት እንደጠበሳት ያን ቀን ተረከልን፤ እሷ "ልጅ ፊት አትዋሽ!" ትለዋለች፣ አጎቴ ደግሞ ያጋልጠዋል። በየመሃሉ "ደረቀ?" ሲል እማዬ ዳበስ ታደርግና "ገና ነው" ትላለች። እኔም ሄጄ ነካሁት፤ እንደ ወረቀት ደርቋል። እማዬ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በሕይወቴ አፌን የዘጋሁት ያኔ ብቻ ነው።

አባዬም እማዬም አሁን የሉም። የታክሲውን መሪ እኔ ወርሼ፣ ምሳዬን መኪና ውስጥ እበላለሁ። ዛሬ ግን ሱሪዬን በረንዳ ላይ ሰጥቼ በቁምጣ ቁጭ አልኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፣ የካሊፎርኒያ ፀሐይ አደረቀው። ነካሁት፣ ዞር አልኩ፤ "ገና ነው" የሚለኝ የለም።