የእህቴ የሰባ ስምንት ደቂቃ ፈተና

እህቴንና እኔን የሚለየን አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ከወዲህ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ ከወዲያ እሷ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ሸክላ ማጫወቻ፣ በጠቅላላው የሚጮህ ነገር ሁሉ ትጠግናለች። እሷ ስታስነጥስ እኔ ይማርሽ እላለሁ፤ እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ እሷ በኮምፔንሳቶው በኩል ትፈርዳለች፣ ብዙውን ጊዜም ለደንበኛው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረናል። ስለ እሷ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር።

በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሬዲዮ የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስትበይድ ትውልና ማታ መጥታ በዚያው በተቃጠለ ጣቷ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ወንዶቹ ባልደረቦቿ እየተቧደኑ የጥገና ሱቅ ከፈቱ። እሷን ግን “አንቺ ደግሞ ሻይ ቤት ነገር ሞክሪ” አሏት። ሞከረች አይደል! ከእነሱ ሱቅ ፊት ለፊት የራሷን ጥገና ቤት ከፈተች። ዛሬ ከእነዚያ ሱቆች አንዱም የለም።

አንድ ደንብ አላት። ጠግና የጨረሰችውን ዕቃ አንድ ሙሉ ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታጫውትበት ለባለቤቱ አትሰጥም። “አምስት ደቂቃ ስለሠራ ተጠገነ አይባልም” ትላለች። “ብልሽት ሌባ ነው። ዕቃው ሲቀዘቅዝ ይደበቃል፣ ሲሞቅ ነው የሚወጣው።” ደንበኛው ቸኩያለሁ ቢል፣ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ወንበር ትስብለታለች እንጂ ዕቃውን አትሰጠውም።

አንድ ሙዚቃ ደራሲ ሕይወታችን ውስጥ የገባውም በዚሁ ደንብ በኩል ነው። አንድ ደንበኛ ሸክላ ማጫወቻ ለጥገና አስቀምጦ በዚያው የውሃ ሽታ ሆነ። ከማጫወቻው ጋር ሁለት ሸክላ የያዘ ካርቶን ነበር፤ አንድ ሲምፎኒ፣ አራት ገጽ፣ ሰባ ስምንት ደቂቃ። ሲምፎኒ ያው መቶ ሰው ተሰብስቦ፣ ያለ ዘፋኝ፣ የሚጫወተው ረጅም ሙዚቃ ነው። የደረሰው ሰውዬ ከሞተ ቆይቷል። ስሙን አልጠራም፤ እሱ በተጠራበት ቦታ ሁለት ሰው ሳይጣላ አይቀርም።

በመጀመሪያው ቀን መርፌውን ስታሳርፈው ከስፒከሩ “እምምምም” የሚል ነገር ወጣ። ይህ ለሬዲዮ ጠጋኝ የታወቀ በሽታ ነው፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሲያረጅ ዕቃው እንዲህ ያጉረመርማል። እህቴ አጠፋች፣ ፈታች፣ ካፓሲተሩን ቀየረች። እምምምም። ሌላውንም ቀየረች። እምምምም። ትራንስፎርመሩን ጠረጠረች፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ተከተለች። ሁለት ቀን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ዋለች። በሦስተኛው ቀን ተናዳ ሌላ ሸክላ አስገባች፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ያንን መልሳ አስገባች፤ እምምምም። በዚህኛው ጊዜ ግን አላጠፋችውም፣ ተወችው። ከጉርምርምታው ውስጥ አንድ መለከት ቀስ ብሎ ተነሳ።

ኮምፔንሳቶውን በመዶሻ እጀታ ደበደበችው።

“ስሚ! አውቆ ነው!”

“ማን?”

“ሙዚቃውን የደረሰው ሰውዬ! ብልሽት የመሰለኝ እኮ ሙዚቃው ነው! መቶ ሰው ሰብስቦ እንደ አሮጌ ሬዲዮ አስጉረመረማቸው!”

“እንግዲያው ጤነኛ አይደለም” አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መፈተኛዋ እሱ ሆነ። ከሹክሹክታ ተነስቶ ጣራ የሚያነሳ፣ ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ ያለበት፣ ዕቃን ከዚህ በላይ የሚያሞቅ የለም አለች። እኔን ግን ልቤን አወለቀው። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፣ በቃ ደረሰ ስትሉ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ከታች ይጀምራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! አንድ ቀን ጣራውን ሲያነሳው የስፌት መኪናዬን ፔዳል ሳላውቀው ከሙዚቀኞቹ ጋር እየረገጥኩ ኖሯል፤ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዙ ተጣሞ ቁጭ አለ። ደሜ ፈላ። ወገቤን ይዤ ሄድኩባት።

“እታለም፣ ይሄ ሰውዬ ከሁለት አንዳችንን ሳይገድል አይቀርም።”

“ወገብሽን ልቀቂና ተቀመጪ። መገጣጠሚያውን ስሚ።”

“የምን መገጣጠሚያ?”

“ኮት ስትሰፊ እጅጌውና ትከሻው የተጋጠመበት እንዳይታይ አይደል የምትለፊው? ይሄ ሰውዬ አይደብቅም። አንዱን ይጨርስና ዝም ይላል። ከዚያ ሌላውን አምጥቶ አጠገቡ ያቆመዋል። ወደዳችሁም ጠላችሁም ይሄው ነው ይላል። እኔ ድፍረቱን ወደድኩለት።”

“ስፌት ያልቻለ ልብስ ሰፊ በይዋ!” ብያት ወጣሁ። ጠርዙን ስፈታ ዋልኩ።

ባለፈው ዓመት የቀኝ ጆሮዋ መስማት አቆመ። ሐኪሙ ግራውም ይከተላል፣ ስድስት ወር ቢቆይ ነው አላት። ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ሬዲዮ ጠጋኝ ያለ ጆሮ ማለት ልብስ ሰፊ ያለ ዓይን ማለት ነው፤ ሰፈሩ ቢሰማ ማን ዕቃውን ያመጣላታል? ስለዚህ ዘብ ሆንኩላት። ደንበኛ በቀኝ በኩል ሲያናግራት ከኮምፔንሳቶው ወዲህ ሆኜ “እታለም፣ ሰው መጥቷል!” ብዬ እጮሃለሁ። ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ያቺ ልብስ ሰፊ ጩኸታም ሆነች ይላል። ይበል።

እሷ ለጆሮዋ ስታለቅስ አላየሁም። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር አዳራሽ አለ፤ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ሸክላ ይሰማሉ። የሰው ቁመት ያላቸው ሁለት ስፒከሮች አሏቸው። ዕቃቸውን ሲበላሽ የምትጠግነው እሷ ናት።

“ዕድሜ ልኬን መዳፍ በምታህል ስፒከር ነው የሰማሁት” አለችኝ። “ጆሮዬ ሳይሄድ አንድ ጊዜ በሙሉ ቁመቱ ልስማው።”

ሄደን ጠየቅን። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ዛሬም ሲያናግሩህ ሰልፍ ላይ የቆምክ ይመስልሃል።

“እህቴ፣ የሌላ የማንንም ሙዚቃ ጠይቂኝ” አሏት። “በዚህ ሰውዬ የተነሳ ፋርማሲስቱና ጠበቃው ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። አንዱ ከእሱ በላይ ሙዚቃ የለም ይላል፣ ሌላው አንድ ሰዓት ሙሉ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው የሚውለው ይላል። ለሰላም ሲባል በአዳራሹ እንዳይሰማ ወስነን በቃለ ጉባኤ ይዘነዋል።”

“ጋሼ፣ አንዱን ገጽ ብቻስ?” አልኩ እኔ።

“አንድ ገጽ አልፈልግም” አለች እህቴ። “ሰውን ግማሹን ጠርተው ግማሹን ደጅ አያቆሙትም።”

ተመለስን። መንገድ ላይ ሊቀመንበሩን የማውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደብኳቸው።

በወሩ የማኅበሩ ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየራቸው፣ ተቃጠለ። እኔ እጄ የለበትም፣ እሷም የለችበትም፤ አርጅቶ ነው። አምጥተው ሰጧት፣ ጠገነችው። እሑድ ዕለት ለሁለት ተሸክመን አዳራሹ ስንደርስ ሠላሳውም ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ ገና ሳናስቀምጠው እጃቸውን አፋተጉ።

“ተባረኪ! በሉ እንጀምር።”

“አልተፈተነም” አለች እህቴ።

“ፈትኚው ታዲያ። ስንት ደቂቃ ይፈጃል?”

“ሰባ ስምንት።”

ካርቶኑን ከቦርሳዋ ስታወጣ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

“ይሄ እኮ...”

“ይሄ የእኔ መፈተኛ ነው። ሳልፈትን ዕቃ አስረክቤ አላውቅም፣ ለእናንተም ብዬ አልጀምርም። ቃለ ጉባኤያችሁ አይሰማም ይላል እንጂ አይፈተንበትም አይልም። መስማት የማይፈልግ ደጅ ይጠብቅ።”

ጠበቃው ከኋላ ሳቁ። “ሕጉ ከእሷ ጋር ነው” አሉ። ጉሮሮ መጥረግ ነው የሚሉት ፋርማሲስቱ ባርኔጣቸውን አነሱና ወደ በሩ ሄዱ። እህቴ ዞር ብላም አላየቻቸው። ግራ ጆሮዋን ወደ ስፒከሮቹ አድርጋ ተቀመጠች፤ መርፌውም አረፈ።

እምምምም። ከወለሉ ተነስቶ በጫማዬ ሶል በኩል ገባ። ያ ሁሉ ዓመት በኮምፔንሳቶ በኩል ስሰማው ግማሹን እዚያው ጥሎ ይመጣ ነበር ለካ! ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ አውቀዋለሁ። እዚህ ጋ መለከቱ፣ እዚህ ጋ ዝምታው፣ አሁን ደግሞ ቁልቁል ሊወርድ ነው እያልኩ እቀድመዋለሁ። ጠላሁት እያልኩ በቃሌ ይዤው ኖሯል። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ሲወርድ እንኳ አልተናደድኩም፤ እንደገና የሚነሳው ከበፊቱ ከፍ ብሎ መሆኑን ያን ቀን ገና አስተዋልኩ። ፋርማሲስቱም በሩን ይዘው ቆሙ እንጂ አልወጡም።

ሦስተኛው ገጽ ዝግ የሚለው ክፍል ነው። መጨረሻው ላይ ሁሉም ይተዉና ቫዮሊኖቹ ብቻ ይቀራሉ፤ እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ፣ የሰው ትንፋሽ እስኪያህሉ። ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ይዟል። በዚህ መሃል እህቴ ብድግ አለች። ወደ ማጫወቻው ሄዳ መርፌውን አንስታ ሸክላውን ልትገለብጥ ያዘችው።

“ምነው እህቴ!” አሉ ሊቀመንበሩ። “ገና እኮ እየተጫወተ ነው!”

አልሰማቻቸውም። ፊታቸውን አይታ ነው የገባት። ሸክላውን እንደያዘች ቆመች። አዳራሹ በሙሉ ያያታል። እኔ ብድግ ብዬ “መርፌው ቆሽሾ ነው! ልታጸዳው ነው!” አልኩ፣ አፌ እንዳመጣልኝ።

“ትዋሻለች” አለች እህቴ። “መርፌው ንጹሕ ነው። ያለቀ መስሎኝ ነው፤ አልሰማሁትም። የቀኝ ጆሮዬ ካለፈ ዓመት ጀምሮ የለም፤ ግራውም እየሄደ ነው።”

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እሷ ግን ቀና እንዳለች ነበረች።

“አምፕሊፋየራችሁን የጠገንኩት በዚሁ ጆሮ ነው፤ የጎደለው ነገር ካለ አሁን ንገሩኝ። ዕቃ ያለው ነገም ያምጣ፤ ያልፈለገ አያምጣ፣ አልለምንም። ከንፈር እንድትመጥጡልኝ ግን አልመጣሁም። ፈተናዬን ልጨርስ ነው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ነይ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያነሳሁት የቱ ጋ ነበር?”

እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ያን ሰውዬ የረገምኩት፣ በሠላሳ የሙዚቃ ወዳጅ ፊት ሄጄ መርፌውን ያዝኩ። አንድ ጊዜ ሳትኩ። ሁለተኛም ሳትኩ። በሦስተኛው ቫዮሊኖቹን ጥለናቸው ከሄድንበት አገኘኋቸው። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ፋርማሲስቱ ከበሩ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጠበቃውን ሰላም አሏቸው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

አራተኛው ገጽ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። እሱን በደንብ ሰማችው፤ ከፊቷ አወቅኩ። ሲያልቅ ተነስታ እጇን አምፕሊፋየሩ ላይ አሳረፈች፣ ሙቀቱን ለካች፣ “ይሠራል” አለቻቸውና ካርቶኗን ይዛ ወጣች። ሊቀመንበሩ እስከ በሩ ሸኙን፤ ቃለ ጉባኤ ስለማሻሻል አንድ ነገር አጉተመተሙ።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ።

“ያቺን የቫዮሊኖቹን ቦታ ስትመልሺልኝም አላገኘኋትም” አለችኝ። “አምና እሰማት ነበር። ምን ትላለች? ንገሪኝ።”

“ቀጭን ናት” አልኳት።

“ቀጭን ምን?”

እሷ ሙሉውን ልትሰማው ስንት ታግላ፣ ያቺ ብቻ አምልጣት ወደ ቤቷ ልትገባ ነው። እዚያው መሃል መንገዱ ላይ አቆምኳት፣ ትከሻዋን ያዝኩ፣ አፌን ግራ ጆሮዋ ላይ ለጥፌ ቫዮሊኖቹን ማዜም ጀመርኩ። ድምፄ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይሰነጠቃል። ግን አልተውኩም። እሷ ዓይኗን ጨፍና “ጮክ በይ!” አለችኝ፤ ጮክ አልኩ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየናል። አንዱ ባለመኪና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “እናንተ፣ ምን ሆናችሁ ነው?” አለን።

“ቫዮሊኖቹ ላይ ነን፣ እለፍ!” ብዬ ጮህኩበትና ካቆምኩበት ቀጠልኩ።